ሠላሳ ስምንቱ ነጭ ሳቢሳዎች

ከቶግቤ ዶትሴ ጋር ወፍ እንድቆጥር የተመደብኩት ሌላው ሰው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው። አንዱ ሚስቴ መውለጃዋ ደርሷል አለ። አንዷ ጥርሴን አመመኝ አለች። ሦስተኛው ሰበብ መፈለጉ ራሱ ደክሞት፣ «እኔ ከሳቸው ጋር አንድ ታንኳ ላይ ከምወጣ በዋና እሄዳለሁ» ብሎ ቁጭ አለ። ሰበብ ሳላዘጋጅ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቶግቤ በእኛ አፍ አያት ማለት ነው። ሰውዬው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ነበሩ። ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ከሠላሳ ሴት መካከል የትኛዋ ዜማውን እንዳዛነፈች ያውቃሉ፤ ያውቁና ደግሞ በስሟ ይጠሯታል። ወፍ ቆጠራም ላይ ያው ናቸው። ማኘክ የለም፣ ማውራት የለም፣ ማስነጠስ የለም። አምና አብሯቸው የቆጠረው ልጅ ማስነጠሱ መጥቶበት አፍንጫውን ሲይዝ ሚዛኑን ስቶ ውኃ ውስጥ ወድቋል ይባላል።

ከመንደራችን ወዲያ ባሕሩ ነው፤ ወዲህ የኬታ ሐይቅ። በሚያዝያ፣ በጋውን ከእኛ ጋር የከረሙት ወፎች ከየጭቃው ይሰበሰቡና ሆዳቸውን ሞልተው ወደ ሰሜን ይነሣሉ። ከመነሣታቸው በፊት፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአምስት መንደር በጎ ፈቃደኞች በየቦታችን ሆነን እንቆጥራቸዋለን። ቁጥሩን የሚሰበስበው ሴናኑ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሣ። ከሱ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ዋና ከተማ፣ ወደ ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል።

የዘንድሮው ግን ጣጣ ነበረው። ዓርብ ስንሰበሰብ ሴናኑ ጣቱን አንሥቶ፣ «ቶግቤ፣ አምና የእናንተ ቦታ ብቻውን ከአራቱ መንደር ድምር በልጧል። መሥሪያ ቤቱ ተጠራጥሯል። ነገ ረፋድ ላይ እኔው መጥቼ አብሬያችሁ እቆጥራለሁ» አለ።

«ና» አሉ ቶግቤ። «ቁምጣ ልበስ፤ ጭቃ አለው።»

እኔ ግን ቅር አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ያንን የአምና ቁጥር፣ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ በቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር ሰፍቼ በመንደሩ መግቢያ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በገበያ «የወፍ ሀብታሞች» እየተባልን ሲቀለድብን እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ታንኳውን አስነሣን። እኔ ከኋላ ቆሜ በዘንግ እገፋለሁ፤ ቶግቤ ከፊት ኮፍያቸውን ደፍተው፣ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ቀለል ብሎ ይመጣል። ውኃው እስከ ጉልበት እንኳ አይደርስም። ብዙም ሳንርቅ እጃቸውን አነሡ።

«ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ፣ ቶግቤ?»

«ነጭ ሳቢሳ፣ ሠላሳ ስምንት።»

መነጽሩ ወዳመለከተበት አየሁ። በዚያኛው ዳር፣ ጨው የሚሰበስቡት ሴቶች የትናንቱን ጨው በነጭ ማዳበሪያ ሞልተው በረድፍ አቁመውታል። ከማዳበሪያው ሌላ ምንም የለም። አንዲት ባለ ረጅም አንገት ሳቢሳ እንኳ የለችም።

ሳቄ አመለጠኝ። «ይቀልዳሉ እንዴ?»

«ቆጠራ ላይ ስቀልድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እንዲያው... እርግጠኛ ነዎት?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ሠላሳ ስምንት። እንዲያውም ጫፍ ላይ ያለው አንገቱን ቀብሮ ተኝቷል።»

የጫፉ ማዳበሪያ አፉ በደንብ አልታሰረም ነበር፤ ጎንበስ ብሏል።

እርሳሱን ሳልጫን፣ በቀላሉ እንዲጠፋ አድርጌ «38» ብዬ ጻፍኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ምን ይባላል? ምናልባት ፀሐይዋ ገና ስላልወጣች ነው ብዬ ዘንጉን ገፋሁ።

ትንሽ ሄድን። እንደገና እጃቸው ተነሣ።

«ግራጫ ሳቢሳ፣ አንድ። ዝም ብለሽ ግፊ፤ ዓሣ እያደባ ነው። እንዳይነሣብን።»

እኔም ቀስ ብዬ ገፋሁ። ሳቢሳው ቀና አለ። እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ከዚያ በዚያ ጠዋት ሐይቁን በሚያናውጥ ድምፅ፣ «ቶግቤ! ደህና አደሩ? ባለቤትዎ ማማ አብላቪስ ደህና አደሩ?» አለ።

ዳቪ ካፉይ ነበረች፤ ጨው የምትሰበስበው ጎረቤታችን፣ ግራጫ ጨርቋን አገልድማ።

ቶግቤ መነጽሩን ቀስ ብለው አወረዱት። በዚያ በመዘምራን መሪ ድምፃቸው፣ «ደህና አደርሽ ካፉይ! አብላቪ ደህና ናት!» ብለው መለሱ።

«ኤንዮናም» አሉኝ ካለፍናት በኋላ።

«አቤት።»

«ሳቢሳዋን ሰርዢያት።»

ሰረዝኳት። «ቶግቤ፣ ነጮቹንም...»

«ነጮቹ ምንድን ናቸው?»

«ጨው ናቸው።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ነፋሱ ያቺን የቀረች ፀጉራቸውን አንሥቶ አቆማት። «ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ጨዎቹ፤ ቁጠሪያቸው።»

ቆጠርኩ። ሁለቴ ቆጠርኩ። «ሠላሳ ስምንት።»

«ይኸው፤ ቁጥሩንስ አልሳትኩም» አሉ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን ቶሎ አቆሙ።

ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። መጀመሪያ ቀኝ ዓይናቸው ላይ ጭጋግ መጣ፤ ሦስት ዓመት ሆነው። ካቻምና ደግሞ ግራው ተከተለ። ነጭ ነገር እንደ ነጭ ይታያቸዋል፣ ጥቁሩ እንደ ጥቁር፤ ከዚያ ያለፈውን አያውቁትም። በመንደሩ ውስጥ የሚሄዱት በልማድ ነው፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁ።

«የአምናውስ ቁጥር?» አልኩ። ያ ቀይ ጨርቅ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። «ዘጠኝ ሺሁ?»

«ድምፃቸውን ሰምቻለሁ። ብዙ ነበሩ።»

«ብዙ ቁጥር ነው እንዴ፣ ቶግቤ? አሥራ ሁለቷስ? ያቺ ትርፍ አሥራ ሁለት ከየት መጣች?»

«እንዳያጠራጥር ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ተናደድኩ። የእውነት ተናደድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጎብጬ የሰፋሁትን፣ ከዓሣ ሻጮቹ ጋር የተሟገትኩበትን ቁጥር እኒህ ሽማግሌ ታንኳ ላይ ተቀምጠው ፈጥረውታል! ዘንጉን ጭቃው ውስጥ ተክዬ፣ «ለምን አልተናገሩም? ሐኪም ቤት አለ አይደል? የዓይን ሞራ መሆኑን እኔ ልብስ ሰፊዋ እንኳ አውቄዋለሁ» አልኳቸው።

«ዓይኔን በምላጭ የሚነካ ሰው ገና አልተወለደም» አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው፣ «መዘምራኑን ለአንድ ጎረምሳ ሰጡብኝ። አርጅተዋል አሉኝ። ዓይኔ መጥፋቱን ከሰሙ ወፎቹንም ይወስዱብኛል። ከዚያ ወዲያ እኔ ምንድን ነኝ? ወንበር ላይ የተቀመጠ ሌላ ወንበር ነኝ እኮ።»

ንዴቴ ከየት እንደሄደ አላውቅም። ሰውዬው በሕይወታቸው ለማንም እንዲህ ተናግረው የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ሴናኑ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል» አልኩ። «እኔ ማየት አያቅተኝም፤ ግን ከሳቢሳና ከቁራ ሌላ ወፍ በስሙ አላውቅም።»

ቶግቤ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። ከግራ በኩል ቀጭን ጩኸት መጣ።

«ያቺን አየሻት? እግሯ ምን ይመስላል?»

«ቀይ ነው፤ ከሰውነቷ ይረዝማል። መርፌ ላይ የቆመች ነው የምትመስለው።»

«ባለ ቀይ እግሯ ናት። ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ። አይ፣ አሥራ ሁለት፤ አንዷ ከኋላ ነበረች።»

«ጻፊ።»

እንዲህ ሆነን ሠራን። እሳቸው ይሰማሉ፣ እኔ አያለሁ። «አሁን ያፏጨው ከበስተቀኝ ነው፤ ጀርባው ጠቃጠቆ መሆን አለበት» ይላሉ፤ ስዞር በእርግጥም ጠቃጠቆ ነው። አንዳንዴ እኔ «ትንሽዬ፣ እንደ አሻንጉሊት የምትሯሯጥ» ስላቸው፣ «ደረቷ ላይ ጥቁር ቀለበት አለ?» ይሉኛል። «አለ።» «አንድ ነው ሁለት?» «አንድ።» «በቃ፣ አወቅኳት።» መጀመሪያ ላይ እንደ ልማዳቸው ሊያዙኝ ሞከሩ፤ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ አተነፋፈስሽ ይሰማኛል» ሲሉኝ፣ «እንግዲያው እርስዎ ይዩ፣ እኔ ቁጭ ልበል» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ትንፋሼን ተዉት። እንዲያውም ከኪሳቸው በቅጠል የተጠቀለለች ኬንኬ አውጥተው ግማሿን ሰጡኝ። ቆጠራ ላይ! የበቆሎ ሊጥ እንደዚያን ዕለት ጣፍጦኝ አያውቅም።

ሴናኑ ሲደርስ ቁምጣ አልለበሰም። ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እየተንሸራተተ መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና አነበበ።

«ስምንት መቶ አርባ ብቻ?» አለ። ሊጣላ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ጠበኛ ሲያጣ እንደሚሆነው ግራ ገባው። «አምና በዚህ ሰዓት...»

«አምናን ለአምና ተወው» አሉ ቶግቤ። «አሁን ዝም በል፤ እየመጡ ነው።»

እኔም ሴናኑም ምንም አልሰማንም። ጥቂት ቆይቶ ከባሕሩ በኩል ሰማዩ ላይ ጭስ የሚመስል ነገር ታየ፤ ተጠመዘዘ፣ ነጣ፣ ጠቆረ፣ እና ከፊታችን ያለው ጭቃ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ዘነበ። የሚሯሯጡት ትንንሾቹ ወፎች ነበሩ። ሴናኑ መነጽሩን አንሥቶ በአሥር በአሥሩ መቁጠር ጀመረ። እኔም በበኩሌ ቆጠርኩ፤ በልብስ ሰፊ ዓይን፣ ጭቃውን እንደ ጨርቅ በአራት ከፍዬ። እሱ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ አለ፤ እኔ አንድ ሺህ ሰባት መቶ አርባ አራት።

«አንቺ ትበልጪያለሽ፤ በግራ በኩል ያሉትን እኔ ዘልያቸዋለሁ» አለ ሴናኑ። እንደዚያ ማለቱን አልረሳሁለትም።

ሊሄድ ሲል ቶግቤ እጁን ያዙት። «ቆይ። ማጭድ አፍ አለ።»

ማጭድ አፍ የምንለው ምንቃሩ ወደ ታች የቆለመመውን ትልቁን ወፍ ነው። ሰባት ጊዜ አከታትሎ ያፏጫል። ሴናኑ ዙሪያውን አየ። «የለም እኮ፣ ቶግቤ።»

«ከማንግሮቩ ዛፎች ጀርባ ነው። አንድ አይደለም፤ እየተመላለሱ ነው የሚያፏጩት። ከኃምሳ አያንሱም።»

ሴናኑ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ አሳፈርኩትና ዘንጉን አነሣሁ። ዛፎቹን ዞረን ስንደርስ፣ ውኃ ባልደረሰባቸው ሥሮች ላይ፣ ቡናማ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆመዋል። ስልሳ ሦስት ነበሩ። በእኛ መንደር በኩል እንደዚያ ተሰብስበው ታይተው አያውቁም።

«ቶግቤ!» አለ ሴናኑ፤ ድምፁ ተለውጦ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ እኮ ቁጥር ይፈጥራሉ ብዬ ነበር የመጣሁት። ለመሥሪያ ቤቱ ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ የአምናው ትክክል ነው እላለሁ።»

በቃ፣ አለፈ ብዬ ተነፈስኩ። ምንም ማለት አያስፈልግም ነበር። ግን ቶግቤን አየኋቸው፤ ፊታቸው የተመሰገነ ሰው ፊት አይደለም። የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ሰው መስለዋል።

«እንዳትጽፍ» አሉ።

«ምን?»

«ልጄ፣ እኔ አላይም። አንተ ራስህ አሁን ለእኔ ሱሪ የለበሰ ጭጋግ ነህ። የአምናው ቁጥር የፈጠራ ነው። የካቻምናውም ግማሹ። የዛሬው ግን እውነት ነው፤ እሷ ናት ያየችው።»

ሴናኑ የታንኳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ታንኳው ዘመመ። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጫማውን እያገላበጠ፣ «መሥሪያ ቤቱን ምን ልበለው ታዲያ? ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቁጥር ሥዕል ሠርተው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል» አለ።

«እውነቱን ጻፍ። አንድ ሽማግሌ ዋሸ በል። ስሜን ብቻ አሳስተህ እንዳትጽፍ፤ ባለፈው ‹ት›ዋን ውጠሃታል።»

ሴናኑ ሳይወድ ሣቀ። ከሣቀ በኋላ መቆጣት አልሆነለትም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀዩን ጨርቅ አወረድኩት። ሰው ሲጠይቀኝ አልዋሸሁም፤ ቶግቤም እንዳልዋሽ ነግረውኛል። ሳምንት ሙሉ ተቀለደብን። ገበያ ስወጣ «ኤንዮናም፣ ኪሎ ሳቢሳ ስንት ነው?» እያሉ ጨው የሚያሳዩኝ ነበሩ። ዳቪ ካፉይ ብቻ ተከፋች፤ የተከፋችው ግን በውሸቱ ሳይሆን፣ አንገተ ቀጭን ሳቢሳ ትመስላለች በመባሏ ነው።

ከሁሉ የከበደው ለሚስታቸው ለማማ አብላቪ መንገሩ ነበር። ቶግቤ ብቻዬን አልችልም ስላሉ አብሬያቸው ሄድኩ። ማማ አብላቪ ግቢው ውስጥ ሽንኩርት እያሰሩ ነበር። ቶግቤ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መዝሙር እንደሚጀምር ሰው ቀጥ ብለው፣ «አብላቪ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። ዓይኔ...» ከማለታቸው፣

«ታውሯል» አሉ ማማ አብላቪ፣ ከሽንኩርቱ ቀና ሳይሉ።

«ታውቂያለሽ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፍየሏን ‹ደህና አደርሽ አብላቪ› ስትል እየሰማሁ? ፍየሏ ራሷ ለምዳ ትመልስልሃለች እኮ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ማማ አብላቪ ያሰሩትን ሽንኩርት አስቀመጡ። «አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። አርባ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ ይቺን እንኳ ከአፍህ መስማት አይገባኝም?» አሉ። ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ቶግቤ ወደ ድምፁ ሄደው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ ፍየሏም ተከተለችኝ።

ሰኔ ላይ፣ ከዝናቡ መሐል፣ ቀኝ ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረጉ። እምቢ ብለው ነበር፤ ማማ አብላቪ ግን «ምላጩን ከፈራህ እኔ እይዝልሃለሁ» ብለው በሚኒባስ ጭነው ወሰዷቸው። እኔም ስፌት ቤቴን ዘግቼ አብሬ ሄድኩ። በማግሥቱ ሐኪሟ፣ ገና ልጅ የምትመስል ሴት፣ ፋሻውን ፈታችላቸውና ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ከላይ ጀምረው እንዲያነቡ ጠየቀቻቸው። ቶግቤ ወደ ፊደሎቹ አልተመለከቱም። የሚያዩት በሩ አጠገብ የቆሙትን ሚስታቸውን ነው።

«አብላቪ» አሉ። «ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?»

«አንተ ወፍ ስትቆጥር» አሉ ማማ አብላቪ። «ዓይንህን ጥረግ፣ አታልቅስ፤ አታርጥበው ተብለሃል።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ካልተቀመጥኩ ብለው ልጅ ሆኑ። መስኮቱን አገኙ። ከዚያ በመንገዱ ዳር ያለውን ጽሑፍ ሁሉ፣ አንዲት ሳያስቀሩ፣ በዚያ ድምፃቸው ያነቡልን ጀመር።

«‹ጊዜው ሲደርስ› ፀጉር ቤት! ‹ትዕግሥት› ጎማ ጥገና! ‹እዚህ መሽናት በጥብቅ የተከለከለ ነው›፤ ይኸው ደግሞ አንድ ሰውዬ እየሸና ነው! ‹ሰላም እንቅልፍ› የሬሳ ሣጥን፣ ለትልቅም ለትንሽም!»

«ቶግቤ፣ እባክዎ» አለ ረዳቱ፤ «ሰው አንቀላፍቷል።»

«ይንቃ! ደግሞ ይሄን እይ፤ ‹ሞባይል እንጠግናለን፣ ዶሮም አለን›!»

ከፊታችን የተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ የዓሣ ቅርጫት የያዘች ሴት ዞር ብላ፣ «ያለውን ሁሉ ካነበቡ አይቀር፣ የኔንም ቅርጫት ያንብቡልኝ እንጂ» አለቻቸው፤ ሰው ሳቀላት።

ቶግቤ ጎንበስ ብለው በአዲሱ ዓይናቸው ወደ ቅርጫቱ ተመለከቱ። ጊዜያቸውን ወሰዱ።

«ቅርጫትሽ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፣ ልጄ» አሉ። «ዓሣው ግን የትናንት ነው።»

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ እስክንወርድ ፊቷን አዞረችባቸው፤ እሳቸው ግን ልብም አላሉ፤ ገና የግራውን መንገድ ዳር አንብበው አልጨረሱም ነበር።